ድቀቱ የሚያርፍበት ደጃፍ፦ ከጅሊብ እስከ ከሚሴ

የነዳጅ ዋጋ በወረደ ቁጥር የዜና ማሰራጫዎች ስለ በርሜልና ስለ በጀት ይነግሩናል። ስንት ቢሊዮን ዲናር ጎደለ፣ የትኛው ፕሮጀክት ቆመ፣ የትኛው ድጎማ ተነሣ የሚለው ለሳምንታት መነጋገሪያ ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አዘውትሮ ይዘለላል፤ እርሱም ጉድለቱ በመጨረሻ በማን ደጃፍ ላይ ያርፋል የሚለው ነው። በመዝገብ ላይ በአኀዝ የተጻፈው ጉድለት ውሎ አድሮ ወደ ሰው አካል መግባቱ አይቀርም። የተቋረጠ የስኳር መድኃኒት፣ ያልተለካ የደም ግፊት፣ እስኪብስ ድረስ የተደበቀ ሕመም ሆኖ ይገለጣል።

ክቡራን አንባብያን፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ይህንኑ ነው። የኢኮኖሚ ድቀት ቀድሞ የነበረውን የጤና ልዩነት ፈልጎ ያሰፋዋል። ልዩነቱም በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ሰፈሮች መካከል ብቻ አያበቃም፤ ባሕር ተሻግሮ ብዙዎቹ አንባብያን እስከተወለዱባቸው የወሎ፣ የጅማ፣ የአርሲና የስልጤ ቀበሌዎች ድረስ ይዘልቃል። በመሆኑም በክፉ ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው የሕክምናው የመጀመሪያ በር ነው እንላለን፤ ይህም ድሀው ሕመሙ ሳይጠናበት የሚገባበት በር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ኩዌት በስድስት አስተዳደሮች ትከፈላለች፤ እነርሱም ዋና ከተማይቱ፣ ሐዋሊ፣ ፋርዋኒያ፣ ሙባረክ አልከቢር፣ አህመዲና ጃህራ ናቸው። ከዚህ ክፍፍል ይልቅ ግን የነዋሪውን ኑሮ የሚወስን ሌላ ክፍፍል አለ። ከሰፈሮቹ ከፊሎቹ ለግል መኖሪያ የተመደቡ ሲሆኑ፣ ሻሚያ፣ ቃዲሲያ፣ አብደላ አልሳሊምና ሱራን የመሳሰሉት የኩዌታውያን ቪላዎች የሚገኙባቸው ናቸው። ሌሎቹ ባለፎቅ የኪራይ ሕንጻዎች የቆሙባቸውና በአብዛኛው የውጭ ዜጎች የሚኖሩባቸው ናቸው፤ ሐዋሊ፣ ሳልሚያ፣ ፋርዋኒያ፣ ኸይጣን፣ ፋሃሂል፣ መንገፍና ማህቡላ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ጅሊብ አልሹዩኽማ ሠራተኛው ተጠጋግቶ የሚያድርበት ሰፈር መሆኑን የማያውቅ የለም። ከሻሚያ ተነሥቶ ጅሊብ ለመድረስ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በኑሮ ረገድ ያለው ርቀት ግን በደቂቃ የሚለካ አይደለም።

ሕክምናውም የሚገኘው በአድራሻ ነው። ነዋሪው በመታወቂያው ላይ በሰፈረው አድራሻ መሠረት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ እዚህ በለመድነው አጠራር በሙስተውሰፉ፣ ይስተናገዳል። ከዚያ በላይ ሲሆን የአካባቢው አጠቃላይ ሆስፒታል ይቀበለዋል፤ የዋና ከተማይቱ ነዋሪ ወደ አሚሪ፣ የሐዋሊው ወደ ሙባረክ አልከቢር፣ የፋርዋኒያው ወደ ፋርዋኒያ፣ የአህመዲው ወደ አደን፣ የጃህራው ወደ ጃህራ ሆስፒታል ያመራል። አገሪቱ ይህን መረብ የዘረጋችው የነዳጅ ገቢዋን ለሕዝብ ጤና በማዋል ነው። አሚሪ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ1949 ሲሆን፣ ይህም የመጀመሪያው ነዳጅ ወደ ውጭ ከተላከ ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር። ለብዙ ዓመታትም እንግዳው ከአገሬው ጋር በአንድ በር ሲገባ ኖረ። በ1999 የወጣው ቁጥር 1 ሕግ ግን የውጭ ዜጎች ዓመታዊ የጤና መድን እንዲገቡና ለአገልግሎቱም ክፍያ እንዲጠየቁ ደነገገ፤ መድኑም ለረጅም ጊዜ በዓመት 50 ዲናር ሆኖ ቆየ። ሕጉ የወጣው የአንድ በርሜል ነዳጅ ዋጋ በ1998 ወደ 10 ዶላር ገደማ ከወረደ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትልቁ ፈተና የ2014ቱ ነው። በዚያ ዓመት አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው በርሜል በጃንዋሪ 2016 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ኩዌትም በ2015/16 የበጀት ዓመት ከ16 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የበጀት ጉድለት አስመዘገበች። መንግሥት ወጪውን መቀነሱና ገቢውን ማስፋቱ የሚጠበቅ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2016 የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ ቀጥሎም የመብራት ታሪፍ ተሻሻለ። የታሪፉ አካሄድ ግን ስለ ጉዳያችን ብዙ ይናገራል። በ2017 በኪራይ አፓርታማዎች የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከ2 ፊልስ ወደ 5 ፊልስ ሲያድግ፣ የኩዌታውያን የግል መኖሪያ በነበረበት በ2 ፊልስ ጸና። ስለዚህም ጉድለቱን ለመሙላት የተጣለው ሸክም በየሰፈሩ ተለይቶ ወረደ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ የውጭ ዜጎች የሕክምና ክፍያ ከፍ አለ። በጤና ጣቢያ የአንድ ጊዜ መታያ ከ1 ዲናር ወደ 2 ዲናር፣ በሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ከ2 ዲናር ወደ 10 ዲናር ደረሰ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ የመድኃኒት ክፍያ ተጨመረ፤ በጤና ጣቢያና በድንገተኛ ክፍል 5 ዲናር፣ በተመላላሽ ሕክምና 10 ዲናር ሆነ። ይህ የኋለኛው ጭማሪ የመጣው የነዳጅ ዋጋ ባገገመበት ዓመት ነው። ከዚህ የምንረዳው በክፉ ቀን የተጣለ ክፍያ ክፉው ቀን ሲያልፍ አብሮ እንደማያልፍ ነው። ድቀቱ ጊዜያዊ ሲሆን፣ በሕክምናው በር ላይ የተወው ደፍ ግን ቋሚ ሆኖ ይቀራል።

አኀዙን በኪስ እንመዝነው። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 75 ዲናር ነው። ይህ ሠራተኛ በሆስፒታል ልዩ ሐኪም ታይቶ መድኃኒቱን ይዞ ለመውጣት 20 ዲናር ቢከፍል፣ ከወር ደመወዙ ሩብ የሚበልጠውን በአንድ ቀን አወጣ ማለት ነው። በወር 1,000 ዲናር ለሚያገኝ መሐንዲስ ያው 20 ዲናር ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ክፍያው ለሁለቱም አንድ ሲሆን ክብደቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በዚህም ምክንያት ዝቅተኛ ተከፋዩ ሕመሙን ችሎ ይቆያል፤ ከጓደኛው የተረፈ ኪኒን ይውጣል፤ ከአገር ቤት በመጣ ጥቁር አዝሙድና ማር ይሰነብታል። ጥቁር አዝሙዱ ለጉንፋን ይሁን፤ ለደም ግፊት ግን ሐኪም አይተካም።

ክፍያው የተጣለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሆስፒታሎች መጨናነቅ፣ የመድኃኒት ብክነት፣ በየዓመቱ የሚያድገው የጤና በጀት እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ ማንኛውም መንግሥት ገንዘቡን በቁጠባ የማስተዳደር መብትም ግዴታም አለበት። ነገር ግን ቁጠባው የት ላይ ቢሆን ይበጃል የሚለው ሊመረመር ይገባዋል። በኩዌት የስኳር ሕመም ከአራት ጎልማሶች አንዱን ገደማ ይይዛል። ስኳር በጊዜው ሲታወቅ በርካሽ ኪኒንና በምግብ ጥንቃቄ ይያዛል፤ ሲተው ግን ኩላሊትን ያደክማል፣ ዓይንን ይጋርዳል፣ እግርን ያስቆርጣል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው በድንገተኛ በር ተሸክመው ያመጡታል፤ የአልጋው፣ የቀዶ ሕክምናውና የኩላሊት እጥበቱ ወጪም በዚያው በሕዝብ ሆስፒታል ላይ ይወድቃል። በመጀመሪያው በር ላይ የተቆጠበው 5 ዲናር በመጨረሻው በር ላይ ብዙ መቶ ዲናር ሆኖ ይመለሳል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በ2020 ደግሞ ሁለት መከራ ባንድነት መጣ። በአፕሪል የዓለም የነዳጅ ፍላጎት ወድቆ የኩዌት ድፍድፍ ነዳጅ ከ20 ዶላር በታች ሲሸጥ፣ የኮሮና ወረርሽኝ ደግሞ ሥራውንና እንቅስቃሴውን አቆመው። በዚያው ወር መጀመሪያ ጅሊብ አልሹዩኽና ማህቡላ ሙሉ በሙሉ ተዘጉ፤ የተከፈቱትም በጁላይ 9 ነበር። በሜይ መጨረሻ ፋርዋኒያ፣ ኸይጣንና ሐዋሊ ተጨመሩባቸው። የተዘጉትን ሰፈሮች ስም የሰማ ሰው የኪራይ ሰፈሮችን ዝርዝር የሰማ ያህል ነበር። ምክንያቱ የነዋሪዎቹ ጠባይ ሳይሆን የአልጋዎቹ ብዛት ነው፤ በአንድ ክፍል ስምንትና አሥር ሆኖ ለሚያድር ሰው ርቀትህን ጠብቅ የሚለው ምክር ትርጉም አልነበረውም። በቀን ሥራ የሚተዳደረው ደግሞ በሽታውን ሲፈራ ገቢውንም አጣ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነበት።

በጃቢር አልአህመድ ሆስፒታል ከታከሙት የመጀመሪያዎቹ 1,123 ሕሙማን መዝገብ ተነሥተው የኩዌት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት፣ ኩዌታዊ ያልሆኑት ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ወይም ለሞት የመዳረጋቸው ዕድል ከኩዌታውያኑ ሁለት እጥፍ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። በሽታው አንድ፣ ሆስፒታሉም አንድ ነበረ። የተለያየው ሕመምተኛው ከሆስፒታሉ ደጃፍ እስኪደርስ ያሳለፈው ነው፤ ክፍሉ፣ ሥራው፣ የቆየ ሕመሙና እስከ ስንት ቀን ድረስ ችሎ እንደተቀመጠ።

ይሁንና በዚያው ዘመን አንድ ትልቅ ነገር ተደርጓል፤ እርሱም ሊዘነጋ አይገባም። የጃቢር ሆስፒታል በ2018 መጨረሻ ሲከፈት ለዜጎች ታስቦ ነበር። ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ ግን ኩዌት የዚያን ሆስፒታል በር ለአገሬውም ለእንግዳውም ከፈተች፤ ምርመራውም፣ ሕክምናውም፣ በኋላም ክትባቱ ያለ ክፍያ ለሁሉም ተሰጠ። ይህ የሆነው ተላላፊ በሽታ ኢቃማ አይጠይቅም የሚለው እውነት ግልጽ ስለነበር ነው። የጅሊብ ሕመም ሳይታከም ቢቀር ሱራ እንደሚደርስ ሁሉም ተረዳ። ድቀት የሚያመጣቸው ሌሎች ሕመሞች ግን ድምፅ አያሰሙም፤ የደም ግፊት አይተላለፍም፣ ጭንቀት አይተላለፍም፤ ስለዚህ የሚታመመው ሰው ብቻውን ይታመማል፤ በሩም ለእርሱ ሲል አይከፈትም።

መጨናነቁም ከወረርሽኙ ጋር አልተወገደም። ገቢ ሲያንስ ሠራተኛው የሚቀንሰው መጀመሪያ ኪራዩን ነው፤ ለሁለት የነበረው ክፍል ለአራት፣ ለአራት የነበረው ለስምንት ይሆናል። በጁን 12 ቀን 2024 በመንገፍ የሠራተኞች መኖሪያ ሕንጻ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕንዳውያን፣ ሕይወታቸውን ማጣታቸው መኖሪያ ቤት የጤና ጉዳይ መሆኑን እጅግ በመረረ መንገድ አስታውሶናል።

እስከ አሁን የተናገርነው በሰፈር ስለሚታይ ልዩነት ነው። ከአንባብያን ብዙዎቹ እህቶቻችን ግን የሚኖሩት በጅሊብ ወይም በማህቡላ አይደለም፤ አድራሻቸው ሻሚያ ነው፣ ቃዲሲያ ነው፣ ሱራ ነው። የቤት ሠራተኛዋ በካርታው ላይ በሀብታም ሰፈር ትቆጠራለች፤ ጤናዋ ግን በዚያ ሰፈር መለኪያ አይለካም። በአጠገቧ ያለው ሙስተውሰፍ አምስት ደቂቃ ቢርቅም፣ ወደዚያ የምትሄደው ከፊሉ ወይም የቤቱ እመቤት ሲፈቅዱላት ነው። በ2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪው መኖሪያ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ መድኃኒትና ሕክምና እንዲያቀርብ ያዛል፤ የሥራ ሰዓቷ በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፍ፣ ፓስፖርቷም ከእጇ እንዳይወሰድ ይደነግጋል። ብዙ ቤተሰቦች ይህን በደግነት እንደሚፈጽሙና ሠራተኛቸውን እንደ ልጃቸው እንደሚያሳክሙ እናውቃለን። የቤቱ ገቢ ሲጎድል ግን በመጀመሪያ የሚሳሳው በጽሑፍ የተሰጠውና ማንም የማይቆጣጠረው መብት ነው። ሁለት ሠራተኛ የነበረበት ቤት በአንድ ይወሰናል፤ የሁለት ሰው ሥራ በአንዲት ወገብ ላይ ይጫናል፤ ደመወዝ ይዘገያል፤ የዕረፍቱ ቀን ይረሳል። በሰፈር የሚሰላ የጤና አኀዝ ይህችን ሴት አያያትም፤ የምትኖረው በሌላ ሰው አማካይ ውስጥ ተሸሽጋ ነው።

ሥራውን ያጣ ሰው ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። የጤና መድኑ ከኢቃማው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሥራ ሲቋረጥ ኢቃማው፣ ኢቃማው ሲቋረጥ መድኑ አብሮ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሐኪሙን ሳይሆን የመዝገብ ቤቱን መስኮት ይፈራል። መንግሥት በ2020ም ሆነ በ2024 የምሕረት ጊዜ ማወጁ ብዙዎችን ከዚህ ጭንቅ አውጥቷል፤ ምሕረቱ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ወራት የተደበቀው ሕመም ግን በምሕረት አዋጅ አይሻርም።

እነሆ ጉዳዩ ባሕር የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ይመረመራል፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበት በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ የተገኘበት አይሳፈርም። ስለዚህ የሚመጣው ጤነኛው ነው። ታሞ ሥራ ያቃተው ደግሞ ይመለሳል። በዚህ ስሌት የጉልበቱን ዘመን ኩዌት ትወስዳለች፤ የሕመሙን ዘመን ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሐርቡ ወይም ኮምቦልቻ ይቀበላሉ። ድቀት በሚሆንበት ጊዜ የሚሰናበተው ሠራተኛ ስለሚበዛ፣ ከሁሉ ይልቅ አቅም ያላቸው ሆስፒታሎች ያቃልላሉ፤ ከሁሉ ይልቅ አቅም የሌላቸው ጤና ጣቢያዎች ይጫናሉ።

በአገር ቤት ያለው ልዩነትም ቀድሞውኑ ሰፊ ነው። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአዲስ አበባ ከመቶ ወላዶች 97ቱ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሲወልዱ፣ በአማራ ክልል 28ቱ፣ በአፋር 16ቱ ብቻ ነበሩ። መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙ ሕፃናት በአዲስ አበባ ከመቶ 89 ሲሆኑ በአፋር 15 ነበሩ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ብዙ ለውጥ አምጥቷል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ2000 ከሺህ 166 የነበረው በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ሆኖም በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። በጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋ የቤተሰብን አቅም ይፈትናል።

በኢትዮጵያ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ የሚጠጋው የሚከፈለው ከታማሚው ኪስ ነው። በብዙ የወሎ ቤቶች ያ ኪስ ኩዌት ነው ያለው። የእናት የስኳር መርፌ፣ የወንድም የቀዶ ሕክምና፣ ምጥ የጠናባትን እህት ወደ ደሴ የሚያደርስ የመኪና ኪራይ የሚከፈለው ከዚህ በሚላክ ዲናር ነው። እናም አንዲት ሠራተኛ በቃዲሲያ ለሦስት ወር ደመወዟ ቢዘገይ፣ በባቲ የእናቷ መድኃኒት ይቋረጣል። ነዳጅ በዓለም ገበያ መውደቁን ሰምተው የማያውቁ እናት በዋጋው መውደቅ ይታመማሉ ማለት ነው። ድቀት የጤና ልዩነትን በቦታና በቦታ መካከል ያሰፋል ስንል የምንለው ይህን ነው።

ከሌሎች አገሮች የሚወሰድ ትምህርትም አለ። ግሪክ ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ የጤና በጀቷን በእጅጉ ቆረጠች፤ በ2011ም ከአገሪቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጠፍቶ የነበረው ወባ በደቡብ ላኮኒያ፣ የውጭ አገር የእርሻ ሠራተኞች በሚኖሩበት አካባቢ፣ ተመልሶ ታየ። ታይላንድ ደግሞ በ1997 የገንዘቧ ዋጋ ወድቆ ኢኮኖሚዋ በተንኮታኮተ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ ማንኛውም ዜጋ በ30 ባት ብቻ የሚታከምበትን ሥርዓት በመላ አገሪቱ ዘረጋች። ሁለቱም አገሮች ድቀት ደርሶባቸዋል። በአንደኛዋ ድቀቱ በሩን ሲያጠብ፣ በሁለተኛይቱ ሰዎች በሩን ለማስፋት ምክንያት አደረጉት። ስለዚህ ድቀት በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንደ አሸዋ ማዕበል ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር ነው ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

ኩዌት ከታይላንድ የበለጠ አቅም፣ ከብዙ አገሮችም የቀደመ የበጎ አድራጎት ልማድ አላት። ስለዚህ በሚቀጥለው ክፉ ቀን፣ መምጣቱ አይቀርምና፣ ሦስት ነገሮች ቢታሰቡ እንላለን። አንደኛ፣ የበጀት ማስተካከያ ሲደረግ የመጀመሪያው በር ከጭማሪው ይጠበቅ፤ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት በጤና ጣቢያ የሚደረግ ክትትል ዝቅተኛ ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው የሚቻል ክፍያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ሥራ የተቋረጠበት ሰው መድኑ ከኢቃማው ጋር ወዲያው እንዳይቋረጥ ቢያንስ የተወሰኑ ወራት እፎይታ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ የጤና አኀዞች በአስተዳደር ብቻ ሳይሆን በመኖሪያና በሥራ ዓይነት ተለይተው ይሰብሰቡ፤ ያን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ከሻሚያ አማካይ ውስጥ ወጥታ ትታያለች።

የበጎ አድራጎት ተቋማትም ድርሻ አላቸው። የኩዌት የዘካ ቤት የተቋቋመው በ1982 ነው፤ ያ ዓመት የሱቅ አልመናኽ የአክሲዮን ገበያ የወደቀበት ዓመት መሆኑም ይታወሳል። ቀይ ጨረቃ ማኅበሩና የሕሙማን መርጃ ፈንዱም ዜግነት ሳይለዩ የብዙ ችግረኞችን ሕክምና ሸፍነዋል። ችግሩ ርዳታው አለመኖሩ ሳይሆን፣ የሚያስፈልጋት እህት በአማርኛ ሰምታው አለማወቋ ነው። እንዲህ ያለውን መረጃ በቋንቋችን ማድረስ የዚህ ገጽም፣ የኤምባሲውም፣ የየአካባቢው ጀመዓም ኃላፊነት ነው።

ለራሳችንም የምንለው አለ። በመጀመሪያ፣ ሕመም አይደበቅ፤ የሚያዞር ራስ ምታት፣ የማያቋርጥ ጥማት፣ የደረት ውጋት ሲሰማ ደመወዝ እስኪወጣ አይጠበቅ። ለድንገተኛ አደጋ 112 መደወልን እያንዳንዷ እህት ትወቅ። ሁለተኛ፣ ዕድር የምናውቀው ለቀብር ነው፤ ለሕክምናም ልናውለው ይገባል። በየወሩ አንድ አንድ ዲናር የሚያዋጡ ሠላሳ ሰዎች በዓመት 360 ዲናር ይኖራቸዋል፤ ያ ገንዘብ የስንቱን ሰው ሕመም በጊዜው ያስታግሣል! ሦስተኛ፣ ወደ አገር ቤት የምንልከው ገንዘብ ሰው ከታመመ በኋላ ብቻ የሚደርስ አይሁን። በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ዛሬ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል መዋጮ ቤተሰቡን በሙሉ ያሳክማል። እናንተ እዚህ ደመወዝ ቢዘገይባችሁ እንኳ፣ መዋጮው አስቀድሞ ከተከፈለ የእናታችሁ ሕክምና አይዘገይም። ይህ ድቀቱ ባሕር እንዳይሻገር በየቤታችን የምንሠራው ግድብ ነው።

በአስራ ስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ዓመተ ረማዳ በተባለው የረሃብ ዘመን፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ረዲየላሁ ዐንሁ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ እንዳልቀመሱ፣ የዚያን ዓመት ዘካም ሕዝቡ እስኪያገግም እንዳዘገዩት ይተረካል። የክፉ ቀን ሸክም ከላይ መጀመር እንዳለበትና የደከመው ሰው ሲያገግም እንደሚጠየቅ ከዚህ እንማራለን። ዛሬም የአንድ አገር ጥንካሬ የሚታየው በርሜሉ 100 ዶላር ሲደርስ በሚቆመው ሕንጻ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ በርሜሉ 30 ዶላር ሲወርድ በጅሊብ ያለው ሠራተኛ ሐኪም ማየት መቻሉ፣ በባቲ ያሉትም እናት መርፌያቸውን አለማቋረጣቸው ዋናው ምስክር ነው።